በመስኮት አይቼ የፈረድኩበት ዛፍ

ከሆላንድ ከተመለስኩ ወዲህ «እስቲ አጫውተን» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስለ ውሃው፣ ስለ ብስክሌቱ፣ ከባሕር በታች ስለሚታረሰው መሬት አወራለሁ፤ ሰው ይደነቃል፤ እኔም ሞቅ ይለኛል። ነገሩ ወደ ዴንሃግ ሲቃረብ ግን አንድ ሰበብ ፈልጌ እነሳለሁ። ባለቤቴ ታዝባኛለች። ከዚህ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው አገሩን ባሳየው ደስ ይለኛል፤ የዴንሃጉን ዘልዬ የማሳየው አገር ግን የውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መመለሻው በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ

ከደብረ ማርቆስ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። እዚያ በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ደን አስተምራለሁ። አምስተርዳም ላይ ስለ ዛፍ ዘር አጠባበቅ አጭር ሥልጠና አለ ተባለና ተራው ለእኔ ደረሰ። ባለቤቴ ለማላውቃቸው ሰዎች ሽሮና በርበሬ አስራ ሰጠችኝ። «ባዶ እጅህን ሰው ቤት አትገባም» አለች። በርበሬው እንዳይፈስ በፕላስተር ጠቅልላ ጠቅልላ የሕፃን ራስ አሳከለችው።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። «ሆላንድ» አልኳቸው። «እርሻ አላቸው?» አሉ። አላቸው አልኩ። «እንግዲያው አትራብም» ብለው ዓባይ በረሃን ስንወርድ እንቅልፋቸውን ለጠጡ። እኔ ግን የአውሮፕላኑ ነገር እያስጨነቀኝ አዲስ አበባ እስክንገባ ዓይኔን አልከደንኩም። አውሮፕላኑ ማታ ተነሳ።

ሐሙስ

አምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ጌታሁን ነው። ጌታሁን ተማሪዬ ነበር፤ ከደን ወደ ኮምፒውተር የኮበለለ። አሁን እዚያው አምስተርዳም አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። «ጋሽ አስናቀ፣ አልተለወጡም እኮ» አለኝ። እሱ ግን ተለውጧል፤ ወፍሯል፣ ፍጥነትም ለምዷል። ሻንጣዬን ይዞ ሲራመድ ከኋላው ሶምሶማ ያዝኩ።

ከባቡር እንደወረድን አንድ ግዙፍ ዛፍ አየሁና ቀና ብዬ ቆምኩ። ለካስ የቆምኩት ቀላ ያለው የብስክሌት መንገድ ላይ ነው። ደወል ጮኸ፤ አንዲት ሴት ልጇን ከፊት፣ አስቤዛዋን ከኋላ ጭና በአፍንጫዬ ሥር አለፈች፤ አንድ ነገርም ብላኝ ሄደች። «ምን አለችኝ?» ስለው ጌታሁን «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። እኛ አገር መንገድ የሁሉም ነው፤ ሰውም፣ አህያም፣ ባጃጅም ተጋፍቶ ይካፈለዋል። እዚያ ግን መንገድ እንደ ርስት ተከፋፍሏል፤ የሰው ድርሻ ውስጥ ከገባህ ባለቤቱ አይምርህም።

ጌታሁን የሚኖረው ስሎተርቫርት ነው፤ ፎቅ በፎቅ የሆነ፣ ከሥር ዳቦ ቤትና አትክልት ቤት ያለው ሰፈር። አልጋውን ለእኔ ለቆ እሱ ሶፋ ላይ ተኛ። ገላዬን ስታጠብ መጋረጃውን ወደ ውጭ አድርጌ ኖሮ ውሃው ኮሪደሩን አልፎ ወደ ታች ቤት ወረደ። ከሥር ያለችው ጎረቤት፣ የሞሮኮ ሴትዮ ናት፣ በሩን አንኳኳች። ልትጣላኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። መወልወያ ይዛ ነው የመጣችው። ፎጣ አገልድሜ ቆሜ እሷ ጠረገችው። በጉዞዬ መጀመሪያ ያፈርኩት ያኔ ነው፤ ቀላሉ እሱ ነበር።

ዓርብ

ሥልጠናው ደህና ነበር። ለምሳ ቀዝቃዛ ዳቦ በቺዝ ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር አቀረቡልን። ዋናው እስኪመጣ ብዬ ስጠብቅ ሰዎቹ ትሪያቸውን መልሰው ወደ ሥራ ገቡ። ማታ ጌታሁን ምስር ሠርቶ ጠበቀኝ።

እየበላን እንዲህ አለኝ፦ «ነገ ዴንሃግ እንሄዳለን። አክስቴ ጋ ነው፣ ወይዘሮ ጽጌ። አንድ የዛፍ ጉዳይ አለባቸው፤ ትልቅ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ።»

«የምን ዛፍ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ጽጌ ሙርዋይክ በሚባል የዴንሃግ ሰፈር ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ አሽ የሚባሉ ዛፎች አሉ፤ ደቾቹ «ኤስ» ይሉታል። አገራችን የለም። በዘር ከወይራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ቅጠሉ ግን እንደ ኮሶ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው። የአውሮፓው አሽ በሽታ ገብቶበት በየቦታው ከላይ ወደ ታች እየደረቀ፣ ቅርንጫፉም እየተሰበረ ነው። ስለዚህ ቤቶቹን የሚያከራየው ድርጅት የግቢውን አሾች በሙሉ ሊቆርጣቸው ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ዓይነት ግን በሽታው ብዙም አይጎዳውም። ነዋሪዎቹ ዛፋችን አሜሪካዊው ነው የሚል የሚያውቅ ሰው ቃል ካቀረቡ ድርጅቱ ሊተወው ፈቅዷል። የመጨረሻው ስብሰባ ማክሰኞ ነው።

«እኔ እኮ ይህን ዛፍ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አልኩት።

«ዛፍ ዛፍ ነው ጋሼ። ደግሞ ዶክተር አስናቀ ብያቸዋለሁ፤ እንዳይገርምዎት።»

ዶክተር አይደለሁም። ሁለተኛ ዲግሪ ነው ያለኝ፤ እሱም የባሕር ዛፍ ነው። ተው አልኩት፤ አጥብቄ ግን አልተናገርኩም፤ ማዕረጉ ጆሮዬ ላይ አልከፋም። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ በስልኬ ስለ አሜሪካዊው ነጭ አሽ አንድ ገጽ አነበብኩ። የቅጠሉ ጀርባ ነጣ ያለ ነው ይላል። ሌላም ብዙ ምልክት ተጽፎ ነበር፤ ነገ በባቡር አነበዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ

በባቡር አላነበብኩም። ውጭ ውጭውን ሳይ ዴንሃግ ደረስን። ሜዳ ነው፤ ሜዳ ብቻ። ዓባይ በረሃን ወርዶ ለወጣ ሰው ያ ሁሉ ለጥ ያለ መሬት ያልተሠራ ሥራ ይመስላል። ላሞቹ ግን የእኛን ሦስት ያህላሉ።

ወይዘሮ ጽጌ ሦስተኛ ፎቅ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላ ያጣፉ ሴት ናቸው። እዚያ አገር በስደት ገብተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቤት ለቤት አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ሠርተዋል። «ዶክተር፣ ቤትዎ ነው ይግቡ» ብለው ከሁሉ ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እጄን እንኳ ተነስቼ እንድታጠብ አልፈቀዱም፤ ማስታጠቢያ ይዘው መጡ። በርበሬውን ስሰጣቸው ጥቅሉን እቅፍ አድርገው አሸተቱት። ልጃቸው ማህሌት ትስቃለች። ማህሌት ነርስ ናት፤ እዚያ ነው ያደገችው።

«አንተ ነህ የዛፍ ዶክተሩ?» አለችኝ።

«እርስዎ በይ እንጂ!» አሉ እናትየው።

«ይተዉአት፣ አንተ ይሻለኛል» አልኩ። እውነትም ይሻለኝ ነበር፤ በዚያ ቤት በልኬ የጠራችኝ እሷ ብቻ ናት።

ምግቡ ቀረበ፤ ገና ሳንጀምር ወይዘሮ ጽጌ በመስኮቱ አሳዩኝ። አንድ ትልቅ ዛፍ መስኮቱን ሞልቶ ቆሟል። «ባለቤቴ ሲታመም አልጋውን ወደዚህ አዞርንለት» አሉኝ። «መጨረሻው ላይ ከእኛ ጋር ማውራት ትቶ ነበር፤ ከእሱ ጋር ነው የዋለው። ቅጠሉ ሲወጣ ‹ጽጌ፣ አንድ ዓመት ተጨመረልኝ› ይለኝ ነበር። አሁን ቆረጡት ማለት ለእኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሬሳውን ዳግመኛ ከዚህ ቤት ማውጣት ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው መልሰው ፈገግ አሉ። «እስቲ ዶክተር፣ የቱ ነው? የነሱ ነው ወይስ የአሜሪካው?»

ወርጄ ልየው ማለት ነበረብኝ። ቅጠሉን በጄ ልያዘው፣ ነገ ልንገርዎት፣ እንዲያውም አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። ጌታሁን ያየኛል። ሦስት ዓይነት ወጥ ፊቴ ተቀምጧል። ሴትዮዋ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነፋስ መጣና ቅጠሎቹ ተገለበጡ፤ ጀርባቸው ፈዘዝ ብሎ ታየኝ።

«አሜሪካዊው ነው» አልኩ። «ነጭ አሽ። አያጠራጥርም።»

«አያጠራጥርም»ን ለምን እንደጨመርኩ ዛሬም አላውቅም።

ወይዘሮ ጽጌ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በስንት ትግል አስቀረኋቸው። ማህሌት ግን እንጀራዋን እንደያዘች «ከዚህ ሆነህ እንዴት አወቅከው?» አለችኝ። «ልምድ ነው» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ማመኗ ይሁን መታዘቧ አልለየሁም።

ምሳ በልተን ሳንጨርስ ወይዘሮ ጽጌ ወረዱ። ሲመለሱ ብቻቸውን አልነበሩም። የነዋሪዎቹ ተጠሪ የሆነ ሜኔር ያን (አቶ ያን እንደ ማለት ነው) የሚባል ጡረተኛ ሽማግሌና ሁለት አሮጊቶች ተከትለዋቸዋል፤ አንዷ የፖም ኬክ ይዛለች። ሁሉም ተራ በተራ ጨበጡኝ። «ሃያ ዓመት ስኖር ጎረቤት ቤቴ ገብቶ አያውቅም» አሉኝ ወይዘሮ ጽጌ በጆሮዬ። «ደረጃ ላይ ሰላም ብለን ነው የምንተላለፈው። ዛሬ በእርስዎ ምክንያት ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ።» ኬኩ ጣፋጭ ነበር፤ አልወረደልኝም።

ጌታሁን ወደ አምስተርዳም ሲመለስ እኔ፣ ወይዘሮ ጽጌ አልለቅም ስላሉኝ፣ ከነሻንጣዬ እዚያው ቀረሁ። ጌታሁንን ሸኝታ ስትመለስ ማህሌት ከዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ አንድ ቀንበጥ ከነቅጠሉ ሰብራ አመጣችልኝ። «ለተማሪዎችህ» አለች። በልማዴ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቼ ተጫንኩት። ስጫነው እምቡጡን አየሁ፤ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ጥቁር እምቡጥ ስለሚባል ነገር አንብቤ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የትኛው እንደሆነ ግን... መጽሐፉን ዘጋሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ በኪራይ አዳራሽ ነው የሚቀደሰው። ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ደርሶ ኖሮ ሰው ሁሉ «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ» እያለ ከበበኝ። አንዱ የበረንዳዬ ጽጌረዳ ለምን ይጠወልጋል አለኝ። ሌላዋ ልጇን አምጥታ «ተማር፣ እንደሳቸው ሁን» አለችው። ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

ከሰዓት ማህሌት ባሕር ላሳይህ ብላ በትራም ስኬቨኒንገን ወሰደችኝ። ስንወርድ ካርዴን ማሽኑ ላይ ማስነካት ረሳሁ፤ ትራሙ በሩን ዘግቶ ሄደ። «አውትቼክ አላደረግክም!» ብላ ሳቀችብኝ። እዚያ አገር መግባትህን ብቻ ሳይሆን መውጣትህንም መናገር አለብህ። እኛ ዘንድ አንዴ ከተሳፈርክ ረዳቱ መውረጃህን ካንተ በላይ ያውቃል።

ባሕሩ ግራጫ ነው፤ ጣናን ለለመደ ሰው ቁጡ ነው። ማህሌት ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት ገዛችልኝ። ጭራውን ይዘህ ቀና ብለህ ነው የሚዋጠው፤ ሞከርኩ፤ ከገዛችልኝ ሁለት አንዱን የባሕር አሞራ ወሰደው።

«እማዬ ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ልትናገር ነው» አለችኝ። «ተናግራ አታውቅም፣ ታውቃለህ? የደች ቋንቋዋ ጥሩ ነው፣ ግን ትፈራለች። አሁን ከመስታወት ፊት ቆማ ትለማመዳለች።»

ንገራት፣ አሁን ንገራት፣ አለኝ ልቤ። «ጎበዝ ናቸው» አልኩ።

ሰኞ

የሥልጠናው መዝጊያ ጉብኝት ሮተርዳም ስለነበር ከዴንሃግ በባቡር ሄድኩ፤ ቅርብ ነው። ሮተርዳም እንደ አምስተርዳም አሮጌ አይደለም፤ ሕንጻው ሰማይ ጠቀስ፣ ድልድዩ ነጭ ነው። የተወሰድነው ከየአገሩ የመጡ ዛፎች ስማቸው ተጽፎባቸው ወደቆሙበት አንድ የአትክልት ቦታ ነው። ሌሎቹ ስለ ዘር ሲጠይቁ እኔ ጽሑፍ ጽሑፉን እያየሁ ወደ አሾቹ ሄድኩ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። መጽሐፌን ከፍቼ ቀንበጧን አወጣሁ። የአሜሪካው ነጭ አሽ እያንዳንዱ ትንሽ ቅጠል የራሱ አጭር አገዳ አለው፤ ከዘንጉ ራቅ ብሎ ይቆማል። እምቡጡ ቡናማ ነው። ቅጠሉ ወድቆ በቀረበት ቦታ ያለው ጠባሳ ከላይ እንደ ጨረቃ ጎድጎድ ይላል፤ እምቡጡ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። የአውሮፓው ቅጠሎች አገዳ የላቸውም፤ ዘንጉ ላይ ተለጥፈዋል። እምቡጡ ጥቁር ነው። እጄ ላይ ካለችው ቀንበጥ ጋር አስተያየሁት፤ ሕፃን ልጅ ይለየዋል። ተማሪዬ ይህን ቢሳሳት ዜሮ ነው የምሰጠው።

አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ያፈርኩት ዛፉን ስላላወቅኩት አይደለም፤ አላየሁም ለማለት ስላልደፈርኩ ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለሌላው ሰው የምናደርገው ደግነት ይመስለኝ ነበር። የእኔው ለእኔ ነበር፤ ያ ወንበር ከሥሬ እንዳይነሳ።

ማታ ልናገር ቆርጬ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ሜኔር ያንና አሮጊቶቹ እንደገና ሶፋው ላይ ናቸው፤ ነገ ማን ምን እንደሚል ይመክራሉ። ወይዘሮ ጽጌ ደች ሲናገሩ፣ ሰዎቹም ሲያዳምጧቸው ፊታቸው አሥር ዓመት ቀንሷል። «ዶክተር መጡ!» ተባለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ገብቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ቁርስ ላይ ተናገርኩ። ማህሌት ሥራ ሄዳለች፤ ሁለታችን ብቻ ነን።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ተሳስቻለሁ። ዛፉ አሜሪካዊ አይደለም፣ የነሱ ነው። ወርጄ ሳላየው ነው የተናገርኩት። ዶክተርም አይደለሁም።»

ሻይ እየቀዱልኝ ነበር፤ ሳያፈሱ ቀድተው ጨረሱ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው በመስኮቱ ዛፉን አዩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አሁን እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲህ ይቆረጣላ።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ዳቦውን ይብሉት፣ ይደርቃል።»

ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። «ለሰዎቹ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ።» ስኒያቸውን አንስተው ወደ ማድቤት ገቡ።

ከዚያ ማድረግ የነበረብኝን ሥራ ሠራሁ፤ ወርጄ ግቢውን አንድ በአንድ አየሁ። አሾቹ ሦስት ናቸው። በመስኮቱ ትይዩ ያለውና ከጎኑ ያለው የአውሮፓው ናቸው፤ ጫፋቸው መድረቅ ጀምሯል፣ ከሦስተኛ ፎቅ አይታይም። ሦስተኛው ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጀርባ ያለው ነው። ቅጠሉን አወረድኩ፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች አገዳ አላቸው። እምቡጡ ቡናማ ነው። ደስ አለኝ፤ ግን ከዚህ ወዲያ በደስታ አልፈርድም ብዬ ጠባሳውን አየሁ፤ ከላይ ቀጥ ያለ ነው እንጂ ጎድጓዳ አይደለም። የዘሩ ክንፍ እስከ ፍሬው ወገብ ይወርዳል። ነጩ አይደለም፤ አረንጓዴው የሚባለው የአሜሪካ አሽ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አንድ ዛፍ በእርግጥ እዚያ ግቢ ነበረ። ማንም በመስኮቱ የማያየው፣ ሥሩ አሮጌ ፍራሽ የተጣለበት።

ስብሰባው ምድር ቤት ባለች ክፍል ነበር። የድርጅቱ ተወካይ ወጣት ሴት ናት። ማህሌትም ከሥራ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ተነስቼ በእንግሊዝኛ ስጀምር ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሜኔር ያን ጆሮውን ይዞ አንድ ነገር አለ። ወይዘሮ ጽጌ ተነስተው አጠገቤ ቆሙ።

«በአማርኛ ይንገሩኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እፎይ አልኩ፤ አልዋሽም። በራሴ ቋንቋ መናዘዝ ቀለለኝ። «ዛፉን በመስኮት አይቼ ነው የፈረድኩት» አልኩ። «እኔ ተሳስቻለሁ። ወይዘሮ ጽጌ የነገሯችሁ እኔን አምነው ነው፤ እሳቸው አንዳች ጥፋት የለባቸውም። ከቆሻሻው ጀርባ ያለው አሜሪካዊ ነው፤ ሁለቱ ግን አይደሉም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ወይዘሮ ጽጌ መሬት መሬቱን እያዩ በደች ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅተኛ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ተደናቀፉ። ማህሌት ድንገት ቀና ብላ አንድ ቃል ስትናገር እናትየው በእጃቸው ዝም አሰኟት። አንደኛዋ አሮጊት ተነፈሰች። ከዚያ ሜኔር ያን ወደ እኛ እያየ፣ ሳይቆጣ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ጥቂት ተናገረ። ይቅር ብሎኛል አልኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ፣ ከተማርኩት ደች ያለችኝን አንዲት ምስጋና «ዳንክ ዩ ቬል» አልኩት። ሰውየው ግራ የገባው መሰለ።

ወጥተን ከተወካይዋ ጋር ዛፎቹን አየን። ጠባሳውንና ዘሩን ሳሳያት ተስማማች፤ ከቆሻሻው ጀርባ ያለው ይቆያል፣ ሁለቱ ይቆረጣሉ። የዚያን ማታ ጎረቤት አልመጣም። እራት ላይ ወይዘሮ ጽጌ አሁንም ትልቁን ቁራጭ ሥጋ ወደ እኔ ገፉት። ያም ሆኖ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ጥፋቴን በአደባባይ ተናግሬ ተወጥቻለሁ ብዬ በደንብ ተኛሁ።

ረቡዕ

ወይዘሮ ጽጌ ሻንጣዬን በቸኮሌትና ለባለቤቴ በገዙት ሻርፕ ሞልተው እንዳላነሳው አደረጉት። ስለዚህ ማህሌት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ልትሸኘኝ መጣች። እናትየው ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። «ክፉ ነገር በልብዎ አይያዙ» አሉኝ። እሳቸው ለእኔ!

ባቡር ውስጥ ማህሌት ሻንጣዬን በእግሮቿ መሃል አስገብታ ተቀመጠች። ከዚያ «አንድ ነገር ልንገርህ? እማዬ እንዳትነግሪው ብላኛለች» አለችኝ።

«ንገሪኝ።»

«ትናንት አንተ ‹እኔ ተሳስቻለሁ› ነው ያልከው፣ አይደል? እማዬ እንደዚያ አላለችም።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«‹እሱ መጀመሪያም እርግጠኛ አይደለሁም ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ በደንብ ሳይገባኝ ለእናንተ በስህተት የነገርኩት› አለች። እኔ ልናገር ስል አስቆመችኝ። ቤት ስጠይቃት ‹እንግዳዬ ቤቴ በልቶ ሰው ፊት አይዋረድም› አለችኝ። አልገባኝም እኔ። እንዴት ነው ይኼ?»

ገባኝ። እኔም ቤቴ የመጣ እንግዳ ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ ማድረግ እንደሚገባኝ ተነግሮኝ ነው ያደግኩት። ከማስረዳት ይልቅ ግን፣ መጠየቅ ሳልፈልግ፣ «ሽማግሌውስ ምን አለ?» አልኳት።

«ሜኔር ያን?» ወደ መስኮቱ ዞረች። «‹ጽጌ፣ ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖረሽ እንዲህ ከሆነ፣ ከእንግዲህ ስብሰባ ላይ ልጅሽ ትናገር› አላት።»

እኔ ደረቴን ይዤ ጎንበስ ብዬ ያመሰገንኩት ለዚህ ነበር።

ባቡሩ ቆመ። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ወረደ፤ እኛም ወረድን። መድረኩ ላይ ቆምኩና «ልመለስ» አልኳት። «ልመለስና እውነቱን ልንገራቸው።»

ማህሌት ሻንጣዬን እንደያዘች አየችኝ። ልታሾፍብኝ አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

«በማን አፍ?» አለችኝ።